ታላቅ ስለሆነች ሁልጊዜ እሷ ትተውለት?

ደብዳቤው ረዘም ያለ ነው። ዋናውን ነገር አሳጥሬ አቅርቤዋለሁ።

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። የምጽፍልዎት ከደብረ ማርቆስ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ። ታላቋ ሴት ናት፣ 8 ዓመቷ ነው። ታናሹ ወንድ ነው፣ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ባለቤቴ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ ስለሚመላለስ ቤት የሚያድረው በሳምንት ሁለት ቀን ቢሆን ነው። አማቴ አብረውን ይኖራሉ። ወንዱን በጣም ይሳሱለታል። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወዲህ ልጆቹ ሲጣሉ ነው የሚውሉት። በስልክ ይጣላሉ። በዳቦ ይጣላሉ። እማማ አጠገብ ማን ይተኛ ብለው ይጣላሉ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከጭቃ ላሞች ሠርታ፣ እንዲደርቁላት ምድጃ ዳር ደርድራ ነበር። ወንድሟ በእግሩ ደፈጠጣቸው። እሷም ፊቱን ቧጨረችው። አማቴ ‹የልጁን ፊት አበላሸችው!› ብለው ጮኹ። እኔም ተናድጄ በልምጭ ገረፍኳት። ራት አልበላም አለች። ማታ ላይ ‹እኔን ከመንገድ ነው ያገኛችሁኝ አይደል?› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። እኔ የማውቀው ‹አንቺ ትልቅ ነሽ፣ ተይለት› ማለት ነው። እናቴም እንደዚያው ነው ያሳደገችኝ። አባታቸው ሲመጣ ሁለቱንም ተቆጥቶ ይገላገላል። ባለፈው ደግሞ ለእሱ ኳስ፣ ለእሷ ደብተር ይዞ መጣ። በዚያም ሌላ ጠብ ሆነ። ለማን ልፍረድ? ልጄ ቂመኛ እንዳትሆንብኝ እፈራለሁ። ሁለቱም ደግ እንዲሆኑ ምን ላድርግ?»

ውድ እህቴ፣

ስለ ዳቦውና ስለ ስልኩ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ስለዚያች ማታ ላውራሽ። ልጅሽ «ከመንገድ ነው ያገኛችሁኝ?» ስትል «እዚህ ቤት የእኔ ነገር ይቆጠራል ወይ?» ማለቷ ነው። ይህ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ አይክረም። ዛሬ ማታ፣ ታናሽዬው ከተኛ በኋላ፣ አጠገቧ ቁጭ በይ። ጸጉሯን እየሠራሽላት ቢሆን ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ልጆች አፍጥጠን ስናያቸው ይዘጋሉ። እጃችን ሥራ ይዞ ስናወራቸው ግን ይፈታሉ። «ላሞችሽን እንዳፈረሰብሽ አውቃለሁ። ደክመሽባቸው ነበር። ምን እንደሆነ ሳልጠይቅሽ መታሁሽ። ልክ አልሠራሁም» በያት። «ግን አንቺም...» ብለሽ እንዳትቀጥዪ። መቧጨር ጥፋት መሆኑን ታውቀዋለች። እሱን ሌላ ቀን ትነጋገሩበታላችሁ።

ከዚያ የተወለደችበትን ቀን ተርኪላት። ምጡ ሲመጣ ማን አጠገብሽ እንደነበረ፣ ጎረቤት ገንፎ ሊበላ እንዴት ተሰብስቦ እንደመጣ፣ ስሟን ማን እንዳወጣላት፣ አባቷ መጀመሪያ ሲያቅፋት ምን እንዳለ ንገሪያት። የ8 ዓመት ልጅ ይህን ታሪክ መስማት አይሰለቻትም። ነገ ደግማ ትጠይቅሻለች። ደግመሽ ንገሪያት።

አሁን ወደ ላሞቹ። ያን ቀን ቤታችሁ ውስጥ የተሠራው ጥፋት ሁለት ነው። መጀመሪያ አንድ ልጅ የሌላዋን የእጅ ሥራ አፈረሰ። ቀጥሎ አንዲት ልጅ የወንድሟን ፊት ቧጨረች። ፍርድ የተሰጠው ግን በሁለተኛው ላይ ብቻ ነው። ላሞቹን በመርገጡ ማን ምን አለው? ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ማንም ምንም አላለውም። ይህ አንቺ ቤት ብቻ የሚሆን ነገር አይደለም። እኛ ትልልቆች የምንደርሰው ጩኸት ስንሰማ ነው። ጩኸት የሚሰማው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መልሱ ሲመጣ ነው። መጀመሪያ የተሠራውን ሳናይ እንቀራለን።

ልጆቹ ከዚህ ምን ይማራሉ? እሱ ቀስ ብሎ መነካካትን፣ ከዚያ እሪ ማለትን ይማራል። እሷ ደግሞ «የእኔን በደል የሚያይልኝ የለም፣ ስለዚህ በጥፍሬ ልወጣው» ትላለች። አንቺ «ቂመኛ እንዳትሆን» ብለሽ የፈራሽው ነገር ሥሩ እዚህ ጋ ነው። ያልታየ በደል ነው ሲብላላ ቂም የሚሆነው።

ለዚህ ነው «አንቺ ትልቅ ነሽ፣ ተይለት» የሚለውን ቃል ከቤትሽ እንድታወጪው የምለምንሽ። እናቶቻችን በክፋት አላሉትም። እኛም የምንለው ቤቱ ጸጥ እንዲል ነው። ለአንድ ሰዓት ጸጥ ያደርጋል፤ እውነት ነው። ግን አስቢው። ስልኩን ትተውለት። ዳቦውን ትተውለት። እማማ አጠገብ ያለውን ቦታ ትተውለት። ላሞቹንም ትተውለት። ደግነት ከአንዷ ብቻ ሲሰበሰብ ግብር ይሆናል። ግብር የሚከፍል ሰው ደግሞ ሰብሳቢውን አይወደውም። ልጅሽ ደግ እንድትሆን ከፈለግሽ በመጀመሪያ «ይህ የእኔ ነው፣ ማንም አይነካብኝም» የምትለው ነገር ይኑራት። ከዚያ በኋላ በራሷ ፈቃድ ስትሰጥ ታያታለሽ።

በተግባር እንዲህ አድርጊው። አንድ ካርቶን ፈልጊላት። ታናሽዬው የማይደርስበት ቦታ ስቀይላት። የእሷ ብቻ ይሁን። እናት እንኳ ሳታስፈቅድ አትክፈተው። ለእሱም አንድ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አድርጊለት። የእሱንም እሷ አትነካም። ካርቶን ምን ዋጋ አለው አትበዪ። የሁለቱም ነገር እኩል እንደሚከበር በዓይናቸው የሚያዩት በዚህ ነው።

ስለ ልጁም ልናገር። ክፉ ልጅ አይደለም። «የልጅ ነገር ሁለት ፍሬ፣ አንዱ ብስል አንዱ ጥሬ» ይባላል። የአራት ዓመት ተኩል ልጅ ጥሬው ገና ይበዛል። ሌላው ሰው ከእሱ የተለየ ሐሳብና ስሜት እንዳለው መረዳት የሚጀምርበት ዕድሜ ነው። ላሞቹን ሲረግጥ የታየው የጭቃው መፈርጠም ነው። የእህቱ የግማሽ ቀን ድካም አልታየውም። ያንን የሚያሳየው ትልቅ ሰው ያስፈልገዋል።

በ2008 እ.ኤ.አ. ኔቸር የተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት አለ። የተሠራው ስዊዘርላንድ ውስጥ ነው። ዕድሜያቸው ከ3 እስከ 8 ለሆኑ ልጆች ከረሜላ ሰጥተው «ሁለቱንም ለራስህ ትይዛለህ ወይስ አንዱን ለሌላ ልጅ ትሰጣለህ?» ዓይነት ምርጫ አቀረቡላቸው። ከ3 እና ከ4 ዓመት ልጆች መካከል አንዱን ለሌላው የሰጡት ከመቶ 9 ያህሉ ብቻ ነበሩ። ከ7 እና ከ8 ዓመቶቹ ግን ከመቶ 45 ያህሉ ሰጡ። የእኛ አገር ልጆች አስተዳደግ የተለየ ነው፤ ቁጥሩን እንዳለ ወስደን ለደብረ ማርቆስ አንለጥፍም። ሁለት ነገር ግን ያስታውሰናል። ልጅሽ ራስ ወዳድ መስሎ ቢታይሽ ዕድሜው ነው። ልጅሽ ደግሞ በ8 ዓመቷ ያላትን ሁሉ ሁልጊዜ እንድትተው መጠበቅ ከዕድሜዋ በላይ መጠየቅ ነው። በዚያ ዕድሜ ካሉት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልሰጡምና።

«ለማን ልፍረድ?» ብለሻል። አብዛኛውን ጊዜ ለማንም አትፍረጂ። አስታርቂ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ዳኛ ማን እንዳጠፋ ይወስናል። አስታራቂ ግን ሁለቱ ተነጋግረው እንዲጨርሱ መንገድ ያበጃል። ካናዳ ውስጥ በ2007 እ.ኤ.አ. ታትሞ የወጣ ሌላ ጥናት አለ። 48 ቤተሰቦች ተሳትፈውበታል። ልጆቹ ከ5 እስከ 10 ዓመት ነበሩ። የተወሰኑት ወላጆች የልጆቻቸውን ጠብ በሽምግልና መልክ እንዲይዙ ሠለጠኑ። የነዚህ ወላጆች ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ በስክነት መደራደር ቻሉ፤ ወንድም ወይም እህት ምን ፈልጎ እንደነበረም የተሻለ ገባቸው።

ለእኛ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ጎጃም ውስጥ ሽምግልና ምን እንደሆነ ያልገባው ሰው የለም። የሚገርመኝ ግን ለድንበርና ለትዳር ጠብ ሽማግሌ የምንቀመጥ ሰዎች፣ ለልጆቻችን ጠብ ልምጭ ማንሳታችን ነው። በድሮው የበላ ልበልሃ ሙግት እንኳ ከሳሽም ተከሳሽም የመናገሪያ ተራ ነበራቸው። «ተጠየቅ!» «ልጠየቅ!» ተባብለው ነው የሚሟገቱት። ግራ ቀኙ ሳይሰማ ፍርድ የለም። እማማ ሊያስታውሱት ይችላሉ። አንድ ቀን ቡና ላይ ለልጆቹ እንዲያጫውቷቸው ጠይቂያቸው።

እንዴት እንደሚደረግ በስልኩ ጠብ ላሳይሽ።

ሁለቱም ስልኩን ይዘው ይጓተታሉ። እሷ ትጮኻለች፤ እሱ ሊነክስ አፉን ከፍቷል። መጀመሪያ ስልኩን ያዢ። ምንም አታውሪ። የተመታ ካለ ዕይ፤ እጅ የተነሣ ከሆነ «እዚህ ቤት እጅ አይነሣም» በይና ለያያቸው። እያለቀሱ ንግግር አይገባም። ውኃ ጠጡ በያቸው። ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠብቂ።

ከዚያ ሁለት በርጩማ ላይ ፊት ለፊት አስቀምጪያቸው። ማማሰያ አምጪ። አዎ፣ የወጥ ማማሰያ። የያዘው ሰው ይናገራል፣ ያልያዘው ይሰማል። ለዛሬ ከእሱ ጀምሪ፤ ትንሽ ስለሆነ ብዙ መጠበቅ አይችልም። በሚቀጥለው ከእሷ ይጀመራል። ይህንንም ንገሪያቸው።

«ማን ጀመረ?» የሚለውን ጥያቄ ተይው። ይህ ጥያቄ ልጅን ውሸት ያስተምራል። ማንም «እኔ ጀመርኩ» አይልም። በሱ ፈንታ «ምን ሆነ?» በይ። ቀጥሎ «ምን ፈልገህ ነበር?» በይ። እሱ «ስልክ! እሷ ሁሌ!» ቢል ይበቃል። አንቺ አሟይለት፦ «እሷ ብዙ ጊዜ ስለምትይዘው ተራህ የማይደርስ መሰለህ?» ራሱን ከነቀነቀ ማማሰያው ወደ እሷ ይሂድ። «ካርቱኑ ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶት ነበር፣ መጥቶ ነጠቀኝ» ትላለች። ያንንም ለእሱ ድገሚለት፦ «ሰማህ? ሊያልቅ ትንሽ ነበር የቀረው። ስትነጥቃት መጨረሻው አመለጣት።» እህቱ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያየው በዚህ ነው። አንድ ቀን አይበቃም። በየጠቡ ሲደጋገም ግን ይገባዋል።

በመጨረሻ «እንግዲህ ምን ይደረግ?» ብለሽ ጠይቂና ዝም በይ። ከባዱ ዝምታው ነው። አፋችን መፍትሔ ሞልቶታል። ያዢው። እነሱ ይበሉ። «አብረን እንይ፣ ግን እሱ ቁልፍ አይንካ» ትል ይሆናል። «እኔ ፈረሱን ካየሁ ይበቃኛል» ይል ይሆናል። ላንቺ ሞኝነት ቢመስልሽም ሁለቱ ከተስማሙ አጽድቂው። አታሻሽዪው። የራሳቸው ስምምነት ስለሆነ ይጠብቁታል።

አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። የ8 ዓመት ልጅ ከአራት ዓመት ተኩሉ በብዙ ትበልጣለች። ሁለት ትንንሽ ከረሜላ ሰጥታ ትልቁን ብስኩት ልትወስድበት ትችላለች፤ እሱም «ሁለት አገኘሁ» ብሎ ደስ ይለዋል። እንዲህ ያለውን ስታዪ «ይህ ልክ ይመስልሻል? አንቺ በሱ ቦታ ብትሆኚስ?» በያት። አትቆጫት። ፍትሐዊነት ለታናሹም ጋሻ መሆን አለበት።

«ወጥ እያረረብኝ ለእያንዳንዱ ጠብ ሽማግሌ ልቀመጥ?» ትዪኝ ይሆናል። አትቀመጪም። ጭቅጭቅ ሁሉ ሽምግልና አይፈልግም። ብዙውን ጆሮ ዳባ ልበስ ብለሽ እለፊው፤ ራሳቸው ይጨርሱታል። በቀን አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ፣ ከበድ ላለው ብቻ ማማሰያውን አውጪ። እንዲያውም ልጆች ካለ እኛ ምን ያህል እንደሚችሉ ማየት ከፈለግሽ ነሐሴ 13 ቡሄ ሲደርስ የሰፈሩን ልጆች ልብ ብለሽ ተመልከቻቸው። ሆያ ሆዬ ሲሉ አምሽተው፣ የሰበሰቡትን ሙልሙልና ሳንቲም አንድ ጥግ ቁጭ ብለው ይካፈላሉ። መጨቃጨቁ አይቀርም። ግን ገንዘብ ያዥ ያደርጉታል የሚታመነውን፣ ትንሹንም ልጅ ይቆጥሩታል። አጠገባቸው ትልቅ ሰው የለም።

ስለ ዳቦው መላው ቀላል ነው። አንዱ ይቁረስ፣ ሌላው ይምረጥ። እሷ ስትቆርስ ቀድሞ የሚመርጠው እሱ ነው። እንዴት አስተካክላ እንደምትቆርስ ታያለሽ! ቆሎ ሲሆን ደግሞ እሱ በሁለት ሰሐን ያካፍል፣ እሷ ትምረጥ። መቁጠርም ይለማመድበታል።

ስልኩን በደቂቃ አትከፋፍዪው። «አሥር ደቂቃ» ለትንሽ ልጅ ምንም ማለት አይደለም። በዓይኑ የሚያየው ነገር ያስፈልገዋል። ቡና በምታፈዪበት ሰዓት አድርጊው። አቦል እስኪቀዳ የእሱ፣ ቶና እስኪቀዳ የእሷ። በረካ ሲደርስ ስልኩ ይቀመጣል፣ ሁሉም ይጫወታል። በማግስቱ ተራው ይገለበጣል። እማማ አጠገብ መተኛትም በተራ ይሁን። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ እሷ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ እሱ። እሑድ እማማ ብቻቸውን ይረፉ።

አሁን በደብዳቤሽ ውስጥ በግልጽ ወዳልጻፍሽው ነገር ልግባ። ልጅሽ በቀን ምን ትሠራለች? ስኒ ታጥባለች? ቤት ትጠርጋለች? ሱቅ ትላካለች? ወንድሟን ትጠብቃለች? እሱስ? የአንቺን ቤት ባላውቅም በብዙ ቤት መልሱን አውቀዋለሁ። ታላቅ ሴት ልጅ ግማሽ እናት ናት። ሥራው ሲሆን «ትልቅ ነሽ»፣ ጥቅሙ ሲሆንም «ትልቅ ነሽ፣ ተይለት»። ትልቅነት በሁለቱም በኩል ኪሳራ ሆነባት ማለት ነው። በዚህ ላይ ሴት በመሆኗ የመጣ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ያማል። ልጆች ይህን ቶሎ ያውቁታል፤ ስላልተናገሩት እንዳልገባቸው እናስባለን።

የአራት ዓመት ተኩል ወንድ ልጅ ሥራ መሥራት ይችላል። ጫማዎቹን ደርድር በዪው። ለዶሮዎቹ ጥሬ ይበትን። የማይሰበረውን ሰሐን ወደ ጓዳ ይመልስ። የራሱን ልብስ ያጣጥፍ፤ ቢጨማደድም ይሁን። ሲጨርስም «ጎበዝ» በዪው። «እንደ እህትህ ጎበዝ ሁን» ግን አትበዪው። ሲወዳደሩ ይጠላላሉ።

ለእሷ ደግሞ ትልቅነቷ ጥቅም ይኑረው። ማታ ከእሱ ትንሽ ዘግይታ ትተኛ። ገበያ ስትሄጂ አንዳንዴ እሷን ብቻ ይዘሻት ሂጂ። በጳጉሜም የሰፈሩ ልጃገረዶች እንግጫ ነቀላ ሲወጡ አብራ ትሂድ። ያን ቀን ወንድሟን አታሸክሚያት። «እኔም እሄዳለሁ» ብሎ ያለቅሳል። ያልቅስ። አቅፈሽ «አንተም ስታድግ ከወንዶቹ ጋር ከሴ አጨዳ ትሄዳለህ» በዪው። እኩል ማየት አንድ ዓይነት ነገር መስጠት አይደለም። ለየዕድሜው የሚገባውን መስጠት ነው። ምክንያቱ ከተነገራቸው ልጆች ይህን ይቀበላሉ። ምክንያቱ ያልተነገራቸው ልጆች ናቸው «እሱን ነው የምትወዱት» የሚሉት።

ስለ ልምጩ አንድ ነገር ልበል። ስለመታች መምታት፣ መምታትን ያስተምራል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 አስተማሪዋ እንኳ እንዳይመታት ይከለክላል። እናቷ ከአስተማሪ ትበልጣለች፤ ልጅሽም ከአንቺ የበለጠ ትጠብቃለች። ስትናደጂ ውጭ ውጪ። ዝናቡም ቢሆን አንድ ደቂቃ በረንዳ ላይ ቁሚ። ንዴትሽ ሲበርድ ተመለሺ።

ከጠብ በኋላ «ይቅርታ በይው፣ ሳሚው» ብሎ ማስገደድንም እንተው። የተገደደ መሳም ምንም አይፈውስም። በሱ ፈንታ ያፈረሰ ይጠግን። ልጁ ጓሮ ወርዶ ጭቃ ያምጣ፣ ውኃ ያቀብላት። ላሞቹን እንደገና ስትሠራ እሱ ቀንዳቸውን ይለጥፍ። እሷ ደግሞ የቧጨረችውን ፊቱን በንጹሕ ጨርቅ ትጥረግለት፣ ቅባት ትቀባው። ሁለቱም ጥፍራቸው ይቆረጥ። «ይቅርታ» የሚለው ቃል በዚህ መሀል ከራሱ ከወጣ እሰየው።

ይህ ሁሉ ለተለመደው የልጆች ጠብ ነው። አንዱ ሁልጊዜ ተጎጂ ከሆነ፣ ተደብቆ የሚያሳምም ካለ፣ ወይም አንዱ ሌላውን ፈርቶ መጫወት ካቆመ ግን ሽምግልና ሳይሆን ጥበቃ ነው የሚያስፈልገው። ያኔ ብቻቸውን አትተያቸው። እንደገናም ጻፊልኝ።

አማትሽን በተመለከተ ልጆቹ ፊት ምንም አትበዪ። እማማ ልጁን ሲያባብሉ ብትቃወሚያቸው ጠቡ የሦስት ሰው ይሆናል። ብቻችሁን ስትሆኑ፣ ቡና ይዘሽ ቅረቢያቸው። «እርስዎ ያዳላሉ» ማለት በር ይዘጋል። «እማማ፣ ልጆቹ ከኔ ይልቅ የሚሰሙት እርስዎን ነው። ሲጣሉ ሁለቱንም ጠይቀው ቢያስታርቁልኝ» በያቸው። ሥልጣን ስጫቸው። አስታራቂ የሆነ ሰው ለአንድ ወገን ማዳላት ራሱን ይከብደዋል። የያዕቆብንና የዮሴፍን ታሪክም እሳቸው ከእኔም ከአንቺም የበለጠ ያውቁታል። አባት ለአንዱ ብቻ ያሠራው ቀሚስ ወንድማማቾቹን የት እንዳደረሳቸው ለልጆቹ ይተርኩላቸው። ታሪኩን ሲተርኩ ራሳቸውም ይሰሙታል። ካልሆነ ባለቤትሽ ያነጋግራቸው። ምራት ስትናገረው የሚከብድ ነገር ልጅ ሲናገረው ይቀላል።

ለባለቤትሽ ደግሞ ቀድመሽ ደውዪለት። አባይ በረሃን ሲሻገር ደክሞ፣ ርቦት ነው የሚመጣው። በር ላይ ሁለት ልጆች እየተካሰሱ ከተቀበሉት መቆጣቱ አይገርምም። ስለዚህ ደጃፍ ላይ ክስ የለም በያቸው። ክስ ካለ ራት ከተበላ በኋላ፣ በማማሰያ። እሱም እንደገባ ለእያንዳንዳቸው ለብቻ ትንሽ ጊዜ ይስጣቸው። መኪናውን ሲያጥብ አንዷን፣ ጎማ ሲያይ አንዱን አጠገቡ ያድርግ። ሴቷም ጎማ ማየት ትችላለች።

ስጦታውንም ንገሪው። ኳስ መጫወቻ ነው። ደብተር የትምህርት ዕቃ ነው፤ ለሁለቱም በጊዜው የሚገዛ ነገር ነው። ልጅሽ ይህን ስትለይ ስስት አይደለም። በሚቀጥለው ጉዞ ዋጋው ባይተካከልም ግድ የለም፣ እሷን ደስ የሚላትን ነገር ያምጣላት። ምን እንደምትፈልግ ራሷ በስልክ ትንገረው። ቀለም ይሁን፣ ገመድ ይሁን፣ ኳስም ሊሆን ይችላል። የመጣላት ዕለት ከካርቶኗ ውስጥ ይገባል። ለወንድሟ ታውሰው አታውሰው እሷ ትወስናለች፤ እሱም ኳሱን እንዲሁ። ደብተሩን አስቀምጪው። መስከረም ላይ ያስፈልጋል።

ለእማማ ሰላምታዬን አድርሺልኝ።